የዱር ድመት በተፈጥሮና በባሕል ውስጥ ያላት ስፍራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ስለ ከብት ወረርሽኝ፣ ስለ ወተትና ስለ ሥጋ ምርት፣ ስለ ክትባት ሥርጭትም ብዙ ቁም ነገር ሲነገር ሰንብቷል። እኔ ግን የዝግጅት ኮሚቴው በሰጠኝ ዕድል ተጠቅሜ የምናገረው ስለማትታለብ፣ ሥጋዋ ስለማይበላና ለገበያም ስለማትቀርብ አንዲት ትንሽ አውሬ ነው። ርእሴ የዱር ድመት ናት። አንዳንዶቻችሁ «ከዚህ ሁሉ ችግር መካከል ለድመት ተራ ደረሳት ወይ?» ብላችሁ በልባችሁ ብትጠይቁ አልቀየምም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ንግግሬን ከሰማችሁ በኋላ ራሳችሁ እንድትሰጡት እተወዋለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰሉ መሆናቸውን ግን አስቀድሜ ላሳስብ።

ነገሩን ከሩቅ ከማምጣት ይልቅ ከራሴ ልጀምር። ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በስምጥ ሸለቆ በሚገኝ አንድ የገጠር የእንስሳት ጤና ጣቢያ ተመድቤ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በከረጢት የቋጠሩት ነገር ይዘው መጡ። «ዶክተር፣ ዶሮዎቼን የፈጀብኝን ሸለምጥማጥ ገደልሁት። ልጄን ቧጭሮታልና እብደት ያለበት እንደ ሆነ ይመልከቱልኝ» አሉ። ከረጢቱን ስፈታው ውስጡ የነበረው ሸለምጥማጥ አልነበረም። እግሯ ረዘም ያለ፣ የጆሮዋ ጀርባ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ጅራቷ በጥቁር ቀለበት የተከበበ አንዲት ድመት ነበረች።

«አባባ፣ ይህች ሸለምጥማጥ አይደለችም፤ ድመት ናት» አልኋቸው።

ሽማግሌው ወደ ከረጢቱ ጎንበስ ብለው ጥቂት ተመለከቱና፣ «ድመት ከሆነች ታዲያ የማን ድመት ናት?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ላክሁት፤ የእንስሳዋን ጭንቅላት ቆርጬ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ አስላክሁ፤ የቀረውን አካል ደንቡ በሚያዘው መሠረት አቃጠልሁት። በቅጹ ላይ «የእንስሳው ዓይነት» በሚለው ስፍራ «ድመት» ብዬ ጻፍሁ። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗን ገልጾ ሲመጣ እፎይ አልሁ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ያቃጠልኋት የቤት ድመት ትሁን፣ የዱር ድመት ትሁን፣ ወይስ ከሁለቱ የተወለደች ክልስ፣ ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። የሽማግሌው ጥያቄ ግን እስካሁን ከሕሊናዬ አልጠፋም። የዛሬው ንግግሬም በአንድ በኩል ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ስሟና መልኳ

በአገራችን ከድመት ወገን የሚቆጠሩ አራዊት ቢያንስ ስድስት ናቸው። አንበሳ፣ ነብርና አቦ ሸማኔ ለሁላችንም የታወቁ ናቸው። አነር ረዥም እግርና ትልልቅ ጆሮ ያላት፣ ነጠብጣብ የለበሰች የሣር ምድር አዳኝ ናት። ደልጋ አንበሳ በጆሮዋ ጫፍ ላይ ባለው ረዥም ጥቁር ጸጉር ትለያለች። ስድስተኛዋና ከሁሉም የምታንሰው የዱር ድመት ናት። ጥርኝና ሸለምጥማጥ በብዙ ሰው ዘንድ ከድመት ጋር ይደባለቃሉ፤ አንዳንድ የአውሮጳ ቋንቋዎችም ጥርኝን ከድመት ስም ጋር አጣምረው ይጠሩታል። ሁለቱም ግን የሌላ ወገን ናቸው። ለሁለቱም የየራሳቸውን ስም የሰጠው አማርኛችን በዚህ ረገድ የተሻለ አስተውሏል ለማለት ይቻላል።

ለዱር ድመት ግን ቋንቋችን ራሱን የቻለ ስም አላወጣላትም። «የዱር ድመት» ስንል በቤት ድመት ስም ላይ «የዱር» የሚል ቅጽል መጨመራችን ብቻ ነው። ኋላ እንደምናየው ይህ እናትን በልጇ ስም እንደ መጥራት ይቆጠራል። በአደን ባሕላችንም ቢሆን አንበሳና ነብር የገደለ ፎክሯል፣ አቅራርቷል፤ ጎፈርና ለምድ ለብሷል። የዱር ድመት ገድሎ የፎከረ ግን አልሰማንም። በተረታችን ውስጥም ድመት ስትነሣ የቤቲቱ ናት፤ ከምድጃ ዳር የምትተኛው፣ «ውሮ» እያልን የምንጠራት ናት። ስለዚህ የዱር ድመት በመካከላችን እየኖረች በባሕላችን ውስጥ ስፍራ ሳታገኝ ቀርታለች ማለት ነው።

በሳይንስ መዝገብ ግን ታሪኳ ከአገራችን ጋር የተያያዘ ነው። የአፍሪካን የዱር ድመት በ1780 «ሊቢካ» በሚል ስም የሰየማት ጌኦርግ ፎርስተር ሲሆን፣ ለገለጻው መነሻ ያደረጋት በዛሬይቱ ቱኒዚያ ከጋፍሳ የተገኘችን ድመት ነው። በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በምዕራቡ የድንበር ቆላ ስላገኛት፣ የእግሯ ኋላ ጥቁር ስለሆነ ጫማ የተጫማች ስለምትመስል አንዲት ትንሽ አውሬ ጽፏል። በማግሥቱ ዓመት በ1791 ጀርመናዊው ሊቅ ግሜሊን በዚሁ ገለጻ ተመሥርቶ «ኦክሬአታ» የሚል የላቲን ስም ሰጣት፤ ትርጉሙም የእግር መሸፈኛ ያጠለቀች ማለት ነው። የዱር ድመት ከተጠራችባቸው ጥንታዊ የሳይንስ ስሞች አንዱ እንግዲህ በኢትዮጵያ ከታየች ድመት የተወሰደ ነው።

የአፍሪካዋ የዱር ድመት ከቤት ድመት እምብዛም አትበልጥም፤ ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ኪሎ ይሆናል። ጸጉሯ ከአሸዋማ ግራጫ እስከ ቡናማ ይደርሳል፤ በጎኗ ላይ ደብዘዝ ያሉ ሰንበሮች አሏት። እግሮቿ ረዣዥሞች በመሆናቸው ቁጭ ስትል ከቤት ድመት ይልቅ ቀጥ ብላ ትታያለች፤ በጥንታውያን ግብፃውያን ሐውልቶች ላይ የምናየው አቀማመጥ ይኸው ነው። የጅራቷ ጫፍ ጥቁር ነው፤ የኋላ እግሮቿ መርገጫም ብሩስ እንዳስተዋለው ጥቁር ነው። ዳሩ ግን እነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ በቤት ድመትም ላይ ስለሚገኙ በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው።

በተፈጥሮ ውስጥ ያላት ግብር

የዱር ድመት ከጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደንና ከፍጹም በረሃ በስተቀር በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ትኖራለች። በአገራችንም ከቆላው ቁጥቋጦና ሣር ምድር አንሥቶ እስከ ባሌ ተራራዎች ድረስ መኖሯ ተመዝግቧል። ለብቻዋ የምትኖር፣ ይበልጡን በሌሊት የምታድን፣ የግዛቷን ወሰን በሽታ ምልክት የምታስከብር እንስሳ ናት። ሁለት ወር ያህል አርግዛ በቁጥቋጦ ሥር፣ በድንጋይ ካብ ወይም ሌላ እንስሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ትወልዳለች፤ ግልገሎቿንም ያለ ወንዱ እርዳታ ብቻዋን ታሳድጋለች።

ዋና ምግቧ አይጥና አይጠ መሰል እንስሳት ናቸው። ወፍ፣ እንሽላሊትና ነፍሳትም ትበላለች፤ ዶሮ ቀርቦ ካገኘች ደግሞ አትምርም። የዶሮው ጉዳት በዓይን ይታያል፤ የገበሬው ልብ የሚያዝነውም በእርሱ ነው። ያልበላነው እህል የት እንደ ሄደ ግን ዓይን አያይም። በማሳዎቻችን የምትገኘው ብዙ ጡት ያላት አይጥ በአንድ ወሊድ አሥርና ከዚያም በላይ ግልገል ልታፈራ ትችላለች፤ ዝናቡ ሲያምርና ምግብ ሲበዛ ቁጥሯ በጥቂት ወራት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያሻቅብ የእህል ምርት የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ይህን መብዛት የሚገታው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ጉጉት፣ ጭልፊት፣ ቀበሮ፣ እባብ፣ አነርና የዱር ድመት ሁሉም የየድርሻቸውን ያነሣሉ። አንዱ በጎደለ ጊዜ የማን ሥራ እንደ ተስተጓጎለ ወዲያው አይታወቅም፤ ስለዚህም ማንም አይቆጭም። የዱር ድመት ግብር እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ግብር ነው።

ከዱር ወደ ጎተራ

ዛሬ በዓለም ላይ የሚኖሩ የቤት ድመቶች ሁሉ የዘር ግንዳቸው ይህችው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ናት። በ2007 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከሦስት አህጉራት የ979 ድመቶችን ዘረ መል መርምሮ ይህን አረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም የሰሜን አፍሪካን ድርሻ ይበልጥ አጉልተዋል።

እንዴት ወደ ቤት ገባች? ላምን፣ በግንና ፍየልን የሰው ልጅ ፈልጎ፣ አጥምዶና አርብቶ ነው ያላመዳቸው። ድመትን ግን ማንም አልጠራትም። ሰው እህል ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ በጎተራ ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ አይጡን ተከትላ ድመት መጣች። ከሰው የማትሸሽ፣ ድምፅ የማያስደነግጣት ድመት የጎተራውን ሲሳይ አገኘች፤ ፈሪዋ ወደ ዱሯ ተመለሰች። ድፍረት ያላቸው ከድፍረት ካላቸው እየተራቡ ከብዙ ትውልድ በኋላ የቤት ድመት ተገኘች። በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በተባለ ጥንታዊ መንደር ውስጥ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ድመት ከአንድ ሰው አጠገብ ተቀብራ መገኘቷ በ2004 ለዓለም ተገልጿል። በቆጵሮስ የራሷ የዱር ድመት አልነበረባትም፤ ስለዚህ ያች ድመት በጀልባ ከሰው ጋር ተሻግራለች ማለት ነው።

አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲሉ የተረቱት ይህን ሁሉ ጥናት ሳያነቡ ነው። ከእንስሶቻችን ሁሉ ይልቅ ለዱር ተፈጥሮዋ ቀርባ የቀረችው ድመት ናት። የላመደቻት ማኅደር ጎተራ ስለሆነች፣ ጎተራውን ትታ ወደ ጫካ ለመመለስና ከዱር ዘመዷ ጋር ለመጋባት የሚከለክላት ነገር የለም። የዛሬው አሳብ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ነው።

ድመትን ከሁሉ አብልጠው ያከበሯት ጥንታውያን ግብፃውያን ነበሩ። ባስቴት የምትባለው አማልክታቸው በመጀመሪያ በአንበሳ ራስ፣ በኋላ ግን በድመት መልክ ትሣል ነበር፤ የአምልኮዋም ማዕከል ቡባስቲስ የተባለችው ከተማ ነበረች። በአምስተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን የጎበኘው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ፣ ድመት በሞተችበት ቤት የሚኖሩ ሁሉ ለሐዘን ቅንድባቸውን ይላጩ እንደ ነበር ጽፏል። ነገር ግን ክብር ራሱ ድመቷን አላዳናትም፤ ለመሥዋዕት የሚቀርቡ ብዙ ድመቶች ገና በለጋ ዕድሜያቸው እየተገደሉ በመድኃኒት ይታሹና ይገነዙ ነበር። ከእነዚህም መካከል 180,000 የሚያህሉ፣ ክብደታቸው 19 ቶን የሚደርስ ግንዞች በ1890 ወደ ሊቨርፑል ተጭነው ለማሳ ማዳበሪያነት በጨረታ ተሸጡ። አንድ ዘመን የሰገደላትን ሌላው ዘመን ለማዳበሪያ ፈጫት።

የስኮትላንድ ትምህርት

በባሕል መከበር ብቻውን አውሬን እንደማያድን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ የብሩስ አገር ስኮትላንድ ናት። የአውሮጳዋ የዱር ድመት ከአፍሪካዋ ጋር ዘመድ ብትሆንም በ2017 በወጣው አመዳደብ ራሷን የቻለች ዝርያ ተደርጋ ተቆጥራለች። ሰውነቷ ወፍራም፣ ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጅራቷ ደንዳና ነው። በስኮትላንድ ደጋ ቻታን የተባለው የጎሳዎች ኅብረት አርማው የዱር ድመት ናት፤ መፈክሩም ያለ ጓንት ድመቷን እንዳትነኳት እያለ ጠላትን ያስጠነቅቃል። በአርማና በጋሻ ላይ ከነክብሯ ተሥላ ትታያለች። በዱር ያለችው ግን በአዳኞችና በወፍ አርቢዎች እየተሳደደች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከእንግሊዝና ከዌልስ ጠፍታ በስኮትላንድ ብቻ ቀረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። በ1988 የዱር ድመት በሕግ ተከለለች፤ ጠመንጃውና ወጥመዱም ቀነሰ። ቁጥሯ ግን አላገገመም። ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የመጣባት ጠላት ጥይት አልነበረም፤ ጎረቤቷ የቤት ድመት ነበረች። ጥቂት የቀሩት የዱር ድመቶች የራሳቸውን ዓይነት አጥተው ከቤትና ከባዘኑ ድመቶች ጋር ተዳቀሉ። በ2023 የታተሙ የዘረ መል ጥናቶች እንደሚያሳዩት በአውሮጳ ሁለቱ ድመቶች ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ሲኖሩ እምብዛም አልተቀላቀሉም ነበር፤ በስኮትላንድ መደባለቁ የበረታው በቅርቡ፣ ካለፉት ሰባ ዓመታት ወዲህ ገደማ ነው። ይህም የዱር ድመት ቁጥር ካነሰ በኋላ የመጣ ነው። ቁጥሯ በቂ ሆኖ ሳለ የራሷን ወገን ትመርጣለች፤ የምትመርጠው ሲጠፋ ግን ያገኘችውን ትቀበላለች።

በ2019 የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድን የስኮትላንድ የዱር ድመት በዱር ራሷን ችላ ለመቀጠል ከማትችልበት ደረጃ መድረሷን አስታወቀ። በመሆኑም በተከለለ ስፍራ የተራቡ ድመቶችን ወደ ዱር የመመለስ ሥራ ተጀመረ። በ2023 በኬርንጎርምስ ተራራማ አገር 19 ድመቶች ተለቀቁ፤ በ2024 ደግሞ በዱር የተወለዱ ግልገሎች ታዩ። የሚያስደስት ወሬ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ባለጸጋ አገር፣ ብዙ ሙያተኛና ብዙ ገንዘብ ይዞ፣ ዓመታት ደክሞ፣ በመጀመሪያው ዓመት የመለሰው 19 ድመት ነው።

በአገራችን ደጋ የታየ ምሳሌ

«ይህ የፈረንጅ አገር ታሪክ ነው» የሚለኝ ቢኖር ወደ ባሌ ተራራዎች እመራዋለሁ። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከአምስት መቶ ያነሰ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ይኖራል። በዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮ ከእረኞች ውሻ ጋር መዳቀሉ በ1994 በታተመ የዘረ መል ጥናት ተረጋግጧል። ክልሶቹ አፈ አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ ጸጉራቸውም የተለየ ነበር። ከመዳቀሉ የከፋው ደግሞ በሽታው ነው። በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 ከውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ላይ ከባድ እልቂት አደረሰ፤ በ2008፣ በ2009ና በ2014ም ተመላልሷል። በ2018 በምግብ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ለቀይ ቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል።

የቀይ ቀበሮው ታሪክና የዱር ድመት ታሪክ አንድ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ የሚያጠፋው ክፋት አይደለም። እረኛው ውሻውን የሚያሳድገው ከብቱን ከጅብ ለማስጠበቅ ነው፤ ገበሬው ድመቱን የሚያሳድገው ጎተራውን ለማስጠበቅ ነው። ሰው የሚቀልበው እንስሳ ግን ዱሩ ከሚመግበው በላይ ይበዛል፤ በብዛቱም ዘመዱን ይውጠዋል። እንዲህ ያለ ጥፋት ሬሳ አይተውም። ገዳይ የለው፣ ግዳይ የለው፤ አንድ ቀን ዱሩ ውስጥ ድመት ይታያል፣ የዱር ድመት ግን የለችም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «ክልሷም ቢሆን ድመት ናት፤ አይጥም ትይዛለች፤ ታዲያ ምን ጠፋ?» ለዚህ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የዱር ድመት ያለ ሰው እርዳታ ድርቁን፣ ብርዱንና በሽታውን ችላ የምትኖርበት ጠባይ ቁጥር ስፍር በሌላቸው ትውልዶች የተጣራ ሀብት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበረዘ መልሶ የሚያጣራው የለም። ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር የምትመላለሰው ድመት የመንደሩን በሽታ ወደ ዱር፣ የዱሩን ደግሞ ወደ መንደር ታመላልሳለች። ይህ ደግሞ ለአራዊት ብቻ ሳይሆን ለሰውም ጤና የሚያሳስብ ነው፤ ልጁ የተቧጨረውን የዚያን ሽማግሌ ጭንቀት አስታውሱ።

ከእኛ የሚጠበቀው

የአፍሪካ የዱር ድመት በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል አልተመደበችም። ይህ የሚያጽናና ነገር ነው፤ ሊያዘናጋንም ይችላል። መዝገቡ የሚናገረው በመላው አህጉር ስላለው ስፋት ነው፤ ከአንድ መንደር አጠገብ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ያለችው ድመት ንጹሕ ትሁን ክልስ አይናገርም። በሌላ በኩል በ2015 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በዚያ አገር የተዳቀሉት ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ሰፊ የተጠበቀ ምድር ካለ፣ በቤትና በዱር መካከል ያለው ርቀት ከተከበረ፣ የዱር ድመት ንጽሕናዋን ጠብቃ ትኖራለች ማለት ነው። ስኮትላንድ የነቃችው ከመሸ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ገና ፀሐይ ሳለ ልንነሣ እንችላለን።

ማን ይነሣ? የዱር አራዊት ጥበቃ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ብለን እጃችንን እንዳናጥፍ አደራ እላለሁ። የዱር ድመትን የሚያሰጋት ነገር ከቤት ድመት የሚመጣ ከሆነ፣ የቤት ድመትን የሚያክመው፣ የሚከትበውና የሚያኮላሸው የእኛ ሙያ ነው። ወሰኑን የምንጠብቀው እኛው ነን። በዚህ መሠረት በበኩሌ አምስት ነገሮችን ለማኅበራችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መመዝገብ። ለምርመራ የሚመጣች፣ በመንገድ ላይ ተገጭታ የምትገኝ ወይም በገበሬ የተገደለች ድመት ሁሉ ከመቃጠሏ በፊት የጅራቷ፣ የጆሮዋና የኋላ እግሯ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ጥቂት ጸጉርና ቁራጭ ሥጋ ይቀመጥ፤ የተገኘችበት ስፍራ ይጻፍ። እኔ በወጣትነቴ ያላደረግሁትን እናንተ አድርጉት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ክትባትና ማምከን። በአገሩ ያለውን ድመት ሁሉ ለመድረስ አቅም የለንም። ነገር ግን በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥና በዙሪያቸው ባሉ መንደሮች፣ በእንግዳ ማረፊያዎች፣ በሠራተኛ ሰፈሮችና በካምፖች ካሉት ድመቶች መጀመር እንችላለን። ጉዳቱ የሚጀምረው ከወሰኑ ነውና ሥራውም ከዚያው ይጀመር።

ሦስተኛ፣ የአይጥ መርዝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች በአይጡ ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ፤ የተመረዘውን አይጥ የሚበላ ጉጉትም ሆነ የዱር ድመት አብሮ ይመረዛል። አይጥ በሊታውን ገድለን የአይጥ መብዛትን ማማረር አይገባም። መርዝ የሚሸጠውንም ሆነ የሚገዛውን ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።

አራተኛ፣ የዶሮ ቤት። ገበሬውን «አውሬውን አትግደል» ብሎ መገሠጽ ብቻውን ፍሬ የለውም፤ ዶሮው የልጁ ደብተርና የቤቱ ጨው መግዣ ነው። ሌሊት የሚዘጋ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በር ያለው የዶሮ ቤት እንዲሠራ ብናግዘው ግን ዶሮውም ድመቷም ይተርፋሉ።

አምስተኛ፣ ከዱር የሚያዙ ግልገሎች። እረኞች አልፎ አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ያገኟቸውን ግልገሎች ለጎተራ ጠባቂነት ብለው ወደ ቤት ያመጣሉ። እናቲቱ ለአደን ሄዳ ነው እንጂ አልጣለቻቸውም። ባገኙበት እንዲተዋቸው መምከር ቀላል ነገር ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

የቤት ድመት ጠላታችን አይደለችም። ከጎተራ ጠባቂዎቻችን አንዷ ናት፤ ለብዙ ሺህ ዓመት ሰውን አገልግላለች፤ እንዳይጠሏት አደራ እላለሁ። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የቤቲቱ በቤቷ፣ የዱሯም በዱሯ ይኑሩ። የተለያዩበት ወሰን ጠፍቶ ሁለቱ አንድ ከሆኑ የሚቀረው ልጅ ነው፤ እናቲቱ ግን ትጠፋለች።

ያ ሽማግሌ ገበሬ «የማን ድመት ናት?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፣ ባለቤት ያላት ብትሆን የዶሮውን ካሣ ለመጠየቅ አስበው እንደ ነበር ኋላ ተረዳሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ፣ «አባባ፣ የማንም አይደለችም፤ ማሳዎን ግን ሌሊት ስትጠብቅልዎ ኖራለች» እላቸው ነበር። ካሣውን በተመለከተ ግን ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አውቃለሁ፤ ለዶሮ ቤቱ የሚሆን ጥቂት ሽቦና ማጠፊያ ገዝቼ አብሬያቸው ወደ ቤታቸው መሄድ ነበረብኝ።